የላይኛውና የታችኛው መሻገሪያ

ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአብርሆት፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና የእማዬን ጉልበት ስሚልኝ። ከዚያ ተቀምጠሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ሰላሐዲን ሚኒባሱን ይዞ ለገበያ ሺሺንዳ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ከርሟል። ይቅርታ የጠየቀኝም እየሳቀ ነው፤ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ከእናንተ ሌላ አላውቅም አለኝ። እናንተ ዘንድ ስልክ የሚሠራው ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ያንንም ተራራ ሰው የሚወጣው ሞት ለማርዳት እንደሆነ ነገርኩት። ያኔ ሳቁን ተወ።

ስለ ድልድዩ ለጠየቅሽኝ፣ ገና ነው። እማዬ ስለምታስቸግርሽ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አስረጃት። መንገዱን የሚነድፈው አንድ ቡድን ነው፣ አለቃው ዋለ ይባላል። ድልድዩን የሚነድፈው ሌላ ቡድን ነው፣ አለቃው ኢሳያስ። የእኔ ሥራ ማስተባበር ነው፤ ስብሰባ እጠራለሁ፣ የሁለቱንም ፕላን ተቀብዬ አንድ ካርታ ላይ አገጣጥማለሁ። ዋለ የሚፈልገው ታችኛውን መሻገሪያ ነው፣ ዋርካው ያለበትን ሜዳ፤ መንገዱ ገደል ሳይነካ እዚያ ይደርሳል። ኢሳያስ ላይኛውን ይፈልጋል፤ አለቱ ጠባብና ጠንካራ ስለሆነ ድልድዩ አጭር ይሆንለታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው፣ አንዱ ቢሳሳት ኖሮ እስካሁን ያልቅ ነበር።

ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ሲከራከሩ ነው። ዋለ፣ አንተ ድልድይህን ልታሳጥር እኔ መንገዱን ገደል ላይ ልሰቅለው ነው ይላል። ኢሳያስ፣ አንተ መንገድህን ልታቀና ድልድዬን ረግረግ ውስጥ ልትተክለው ነው ይላል። አሁን ሰላምታም ትተዋል። ሻይ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ሳይጨርስ ይወጣል።

የሆነ ሆኖ ቦታው ይወሰን እንጂ ሥራው የአንድ በጋ ነው ብለዋል። ስለዚህ እማዬን በተመለከተ መልሴ ጠብቂ ነው። ልቧ ደክሟል የተባለች፣ ያለ ትራስ በጀርባዋ ተኝታ መተንፈስ የማትችል ሴት ቃሬዛ ላይ አትጫንም። እሷም በቃሬዛ የምወጣው አንዴ ብቻ ነው ካለችሽ አታስገድጃት። ግንቦት ሳይገባ መኪና ደጃችሁ ድረስ ይመጣል፤ ተቀምጣ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ሰው ሰላም እያለች ቦንጋ ትገባለች። እኔ ዘንድ ሆና ትታከማለች።

መድኃኒቷን ልኬያለሁ። አንድ ነገር ግን በትክክል ጻፊልኝ፤ ማታ ስንት ትራስ ነው የምትደገፈው? ሐኪሙ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፤ ትራሱ ከበዛ ልቧ ብሶበታል ማለት ነው።

የሺሃረግ


ጌሻ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ዘንድ ብርዱ በርትቷል፣ ጠዋት ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ከጉም ውስጥ ነው የሚወጡት። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ትራሷ አንድ ነው፣ እንደ ድሮው። የእግሯ እብጠትም ያው ነው። አትስጊ።

የመሐንዲሶቹን ነገር ነገርኳት። አንድ ምሽት ሙሉ መሳቂያ ሆነላት። የላይኛውን ሰውዬ "አለቱ" ብላዋለች፣ የታችኛውን "ረግረጉ"። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ማን አሸነፈ ብላ ነው። ማንም አላሸነፈም ስላት ተቆጣች።

"ሽማግሌ የሌለው ቢሮ ነው እንዴ?" አለችኝ። "ሁለት ወንድ ሰላምታ ተከልክሎ እንዴት ድልድይ ይሠራል? የሺን ሽማግሌ አስገቢ በያት።"

ይኸው ብዬሻለሁ። እሷ ያለችውን ሳላደርስ ብቀር ጠዋት ትጠይቀኛለች።

ጎረቤታችን ጋሽ አሞጽ ሰላም ብለውሻል። ወንዙ አሁን ከጉልበት አይበልጥም፣ ስምንት ጠንካራ ልጆች አሉኝ፣ እናታችሁን ተሸክመን አሻግረን መኪና እስከሚገባበት እስከ ደካ እናደርሳለን ብለው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ ድልድዩ ላይ ናት፣ እንጠብቃለን አልኳቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

አብርሆት


ቦንጋ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብርሆትዬ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ። ምሥራች አለኝ፣ ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

የላከችውን ምክር ለአለቃችን ለጋሽ ቢሻው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቆይተው ግን በስብሰባ ያልሆነው በሽማግሌ ይሁን አሉ። የጥምቀት ማግስት ሁላችንንም ቤታቸው ጠሩን። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አንዱ የዋለን ንስሐ አባት የሚያውቁ፣ ሌላው ከኢሳያስ ጸሎት ቤት። ሁለቱን መሐል ላይ አቆሟቸው። ረጅም ነገር ተነገረ፤ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ሰው አገር መጥቶ መሥራት፣ ከወንዙ ማዶ ስለሚጠብቁ ሕመምተኞች። ያን ጊዜ እኔ አቀርቅሬ ነበር።

ከዚያ ዋለ ጎንበስ ብሎ የኢሳያስን ትከሻ ያዘ።

"አንተ ያልከው ይሁን" አለው።

"ኧረ በጭራሽ፣ አንተ ያልከው ይሁን" አለ ኢሳያስ።

"አንተ ያልከው ይሁን ብያለሁ።"

ተቃቀፉ። ዋለ እንባው መጣ። ጋሽ ቢሻው፣ በሉ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል፣ ዛሬ ከዚህ በኋላ መሻገሪያ የሚል ቃል ያነሳ ሰው የሚቀጥለውን በግ ይገዛል አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቆጮውና ሥጋው ቀረበ፣ እነሱም ከአንድ ትሪ በሉ።

በየትኛው ነው የታረቁት ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ አንቺ አስተማሪ ነሽ። እኔም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እንዲያ ተቃቅፈው ሳለ "ታዲያ የማናችሁ ነው?" ብሎ መጠየቅ እርቁን መልሶ ማፍረስ ይሆናል። ነውር ነው። ሰኞ ቢሮ ስንገባም ቃለ ጉባኤው ላይ ጉዳዩ በስምምነት ተፈቷል ተብሎ ተጻፈ፣ ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። ፕላናቸው ሲወጣ ይናገራል ብዬ ተውኩት።

በጋው እንዳያልፍብን ሥራው በዚህ ወር ይጀመራል። መንገዱን አንድ ተቋራጭ ከደካ በኩል እየቆረጠ ይመጣል፣ ድልድዩን ሌላው ወንዙ ላይ ይሠራል። የእማዬ ምክር ነው ድልድዩን ያስጀመረው። ይህን ደግመሽ ንገሪያት።

ስለ እንቅልፏ በጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ትራስ ከሆነ ጊዜ አለን።

እህትሽ የሺሃረግ


ጌሻ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽው ሻርፕ ደርሷል። እማዬ ከትከሻዋ አላወረደችውም፣ ጎረቤት ሲመጣ ድልድይ የምትሠራው ልጄ ናት የላከችልኝ ትላለች። ድልድይ አትሠራም፣ የሚሠሩትን ነው የምታስተባብረው ብዬ ላርማት ሞከርኩ። "እሱ አይደል እንዴ ከባዱ?" አለችኝ።

ዶዘሩ ይሰማናል። ከማዶ፣ ከላይ በኩል ከጫካው ውስጥ ነው የሚያጉረመርመው። ተማሪዎቹ ትምህርት ትተው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ይሰጣሉ። ሲሚንቶውና ፌሮው ግን ታች ነው የተራገፈው፣ ዋርካው ጥላ ሥር። ሠራተኞቹም እዚያው ጎጆ ቀልሰዋል፤ የምሰሶ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ጋሽ አሞጽ ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ሁለቱንም አይተው መጡና፣ ልጄ፣ ድልድዩ ታች ሆኖ መንገዱ ላይ የሚመጣው ለምንድን ነው? አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፣ እህቴ እዚያ ሆና እያየችው ነው አልኳቸው። እንዳታሳፍሪኝ።

ጋሽ አሞጽ የቃሬዛውን ነገር እንደገና አንስተው ነበር፣ ዝናቡ ከመጣ ወንዙ አይረገጥም ብለው። ድልድዩ ደርሷል፣ ጥቂት ነው የቀረው አልኩ። ደርሷል አይደል?

እማዬ ደህና ናት። ትንሽ ይደክማታል፣ ያው ዕድሜዋ ነው።

አብርሆት


ቦንጋ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብርሆትዬ፣

ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰላሐዲን ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው።

ለጋሽ አሞጽ ሥራ የራሱ ቅደም ተከተል አለው በያቸው። አለቆች እየተነጋገሩበት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁሉም መልክ ይይዛል። አንቺ ለሰው ምንም አትናገሪ።

የእማዬን መድኃኒት በዚሁ ልኬያለሁ፤ አዲሱን ክኒን ጠዋት ብቻ ስጫት። ትራሷስ ያው አንድ ነው?

የሺሃረግ


ጌሻ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺሃረግ፣

ዛሬ ሰላምታው ይቅርብኝ።

ዶዘሩ ባለፈው ሳምንት ላይኛው ገደል ጫፍ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሊያይ ወጥቶ ነበር፣ እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቻለሁ። ሾፌሩ ከማዶ ወረደ፣ ወንዙን አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ድልድዩ የታል ብሎ ጮኸልን። ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ አሞጽ ወደ ታች ጠቆሙት። ከዚያ ሆኖ እንኳን አይታይም፤ መሐል ላይ ያለው ገደል ነው። በማግሥቱ ማሽኖቹን አዙረው ሄዱ።

ወደ ታችም ወርጄ አይቻለሁ። ድልድዩ ቆሟል፣ አርማታው ሳይቀር ተሞልቷል። ቆንጆ ድልድይ ነው። በእናንተ በኩል መንገድ የለውም፣ በእኛ በኩል ደግሞ ጫፉ ከረግረጉ በላይ ሁለት ሰው ቁመት አየር ላይ ይቀራል። እዚህ አፈር የሚሞላው ማነው ብዬ ሠራተኞቹን ጠየቅኳቸው። የመንገዱ ሰዎች አሉኝ።

አውቀሽ ነበር ወይ? መጋቢት ላይ "አለቆች እየተነጋገሩበት ነው" ብለሽ የጻፍሽልኝ አውቀሽ ነው?

እኔም የምነግርሽ አለ። ትራሱ አንድ አይደለም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሦስት ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ ተኝታ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ጭንቅላቷን እይዛለሁ። እብጠቱ ከጉልበቷ አልፏል። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ፣ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ፣ ድልድዩም ይቆማል ብዬ ፈራሁ። እማዬም የሺን እንዳታስደነግጫት ትለኛለች። በዚያ ላይ ድልድዩ ይደርሳል ስላልሽኝ ነው። በየቀኑ ከድልድዩ ጋር እያስተያየሁ ነው የጠበቅኳት።

ወንዙ ከፋሲካ ወዲህ ሞልቷል፤ ይህን ደብዳቤ እንኳን በገመድ ነው የሚያሻግሩልኝ። አይረገጥም። በር ላይ የቆመ ቃሬዛ ነበረን፣ አሁን ማሻገሪያ የለውም።

አብርሆት


ቦንጋ፣ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብርሆት፣

አዎ፣ አውቄ ነበር።

ፕላኖቹ በጋው እንዳያልፍ ተብሎ በቀጥታ ለተቋራጮቹ ነበር የወጡት። ታርቀዋል ስለተባለ ጋሽ ቢሻውም ሳይገልጡ ነው የፈረሙት። ለእኔ ቅጂው የደረሰኝ መጋቢት ላይ ነው። አንዱን ባንዱ ላይ ሳደርጋቸው መንገዱ ላይ ወጥቶ፣ ድልድዩ ታች ወርዶ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ስህተት መስሎኝ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ዋለ ከእርቁ ማግሥት ለቀያሾቹ ደውሎ ችካሉን ወደ ላይ አዛወረ፣ ኢሳያስ ደስ ይበለው ብሎ። ኢሳያስም ቤቱ ገብቶ ድልድዩን ለታችኛው መሻገሪያ እንደገና ነደፈው፣ ዋለ ደስ ይበለው ብሎ። አንዳቸውም ለሌላው አልተናገሩም። ውለታ ማስቆጠር ይመስላላ። ይኸው ነው በቃ። ጠላት ሆነው ቢቀሩ ኖሮ እያንዳንዷን ክንድ እየተከታተሉ ይጨቃጨቁ ነበር፣ ይህ አይሆንም ነበር።

በዚያው ቀን ለጋሽ ቢሻው አሳየኋቸው። ምሰሶው ገና ጉድጓድ ነበር፣ ማቆም ይቻል ነበር። ካርታውን አጥፈው መለሱልኝና፣ "አሁን ይህን ብናነሳ እርቁ ይፈርሳል። ፋሲካ ይለፍ፣ እኔ ለየብቻ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ዝም በይ" አሉኝ። ዝም አልኩ። ፋሲካ አለፈ፣ ለማንም አልተናገሩም። እኔም ጊዜ አለን፣ እማዬ በአንድ ትራስ ነው የምትተኛው እያልኩ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።

ያንቺን ደብዳቤ ይዤ ነው ስብሰባው የገባሁት። ዶዘሩ መመለሱ ስለተሰማ ሁሉም ተጠርቶ ነበር። ካርታውን ዘረጋሁላቸው። ዋለ ኢሳያስን አየው።

"እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው የወጣሁት" አለው።

"እኔስ ለማን ብዬ ወረድኩ?" አለ ኢሳያስ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጋሽ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ የለም፣ ሁለቱም ለፍቅር ብለው ያደረጉት ነው አሉ። ሻይ ታዘዘ። የትኛው ይነሳ፣ መንገዱ ይውረድ ወይስ ላይ ሌላ ድልድይ ይሠራ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ዋለ፣ ኢሳያስ ይወስን አለ። ኢሳያስ፣ ዋለ ይወስን አለ። እናቴ ተቀምጣ ነው የምታድረው አልኩ። ድምፄ አልወጣ ይሆናል። ጸሐፊው "የወይዘሮ የሺሃረግ እናት ታመዋል" ብሎ ጻፈ።

ስሚኝ። ጋሽ አሞጽ ረግረጉ ላይ ቀርከሃ ማንጠፍ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ድልድዩ ጫፍ ድረስ ካደረሷት በመሰላል ትወጣለች፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያወጧታል፣ አታስተኟት። ከዚህ በኩል እኔ ሰው ይዤ እስከ ደካ መኪና እንሸከማታለን። ረግረጉ ላይ ማለፍ ሲቻል ተራራው ላይ ሰው ላኪና ይደውልልኝ። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ነው የማድረው።

የሺሃረግ


ጌሻ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ስለ መጨረሻዋ ቀን ጠይቀሽኛል። ከዚህ ቀደም መጻፍ አልቻልኩም። አሁንም በደንብ አልችልም።

ጋሽ አሞጽ ቀርከሃውን ያለ አንድ ጥያቄ ነው የቆረጡት። እኔ ድሮ አስቀይሜያቸው እንደነበር እንኳን አላስታወሱኝም። ልጆቻቸው እስከ ትከሻቸው ውኃ ውስጥ ቆመው እየተቀባበሉ አነጠፉት። ዝናቡ አላስቆም ስላላቸው ሰኔ ግማሹ በዚያ አለቀ። ለእማዬ የምትቀመጥበትን ወንበር ግራና ቀኝ እጀታ ሠሩለት። ሞከረችው። እንደ ንጉሥ ልሄድ ነው እንዴ ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ጠዋት ልንነሳ ነበር፤ ስልክ ያላት ባለሱቋ ኮከብ ተራራው ላይ ወጥታ እንድትደውልልሽ በጊዜ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። ሱቋን እንኳን ዘግታለች።

እማዬ ሊነጋ ሲል ውኃ ጠየቀችኝ። ይዤላት ስመለስ እንደተቀመጠች ነበር። ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

ኮከብ ተራራውን ወጣች። የደወለችልሽ ግን ለሌላ ነገር ሆነ።

የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ከማዶ ሆነሽ ስላየሽው። ሌሊት በወረደው ጎርፍ ቀርከሃው በሙሉ ሄዷል። በቃሬዛ የምወጣው አንዴ ብቻ ነው ያለችው ነገር ልክ ሆነ፤ ስምንቱ ልጆች ናቸው የተሸከሟት፣ ታኅሣሥ ላይ ጋሽ አሞጽ ያሏቸው እነዚያው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ከረግረጉ በላይ ባለው ሽቅብ ነው። ስንወጣ ሰው ዞሮ አየ፣ እኔም ዞርኩ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመሻል። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለብሰሽ ነበር። ከእግርሽ ሥር ውኃው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። እጅሽን አነሳሽ።

እኔ አላነሳሁም። ያላየሁሽ መስሎሽ ከሆነ አይቼሻለሁ።

አብርሆት


ቦንጋ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብርሆት፣

ለአርባዋ ልደርስ ፈልጌ ደካ ድረስ ሄጄ ነበር። ወንዙ አላሳለፈኝም። ያወጣሽውን ተዝካር ሰላሐዲን ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ሥራዬን ለጠየቅሽኝ፣ ከማስተባበሩ ተነስቻለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ በተደረገው ስብሰባ ሁለቱም የሚፈልጉትን ቦታ በየተራ፣ በግልጽ፣ ሰው ፊት እንዲናገሩ ጠይቄ ነበር። ማንም እንደ ወደድክ እንዳይል፣ እኔ የምፈልገው ይህ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ እንዲናገር። ዋለ አቀረቀረ። ኢሳያስ ኀዘን ላይ ናት፣ እንታገሳት አለ። ያቺ ዝምተኛ ሴት ምን ነካት ተባለ። አሁን መዝገብ ቤት ነኝ።

ሁለቱም ሊያስተዛዝኑኝ ቤቴ መጥተዋል። አብረው ነው የመጡት፣ በአንድ ባጃጅ። በሩ ላይ አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም ሲባባሉ ዝናቡ አረጠባቸው። ቆሜ አየኋቸው። ግቡ አላልኳቸውም። መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ጊዜ ገቡ፣ የበሩ መቃን አጨናነቃቸው። ቢጣሉ እመርጥ ነበር። ኮሚቴው እስካሁን አልወሰነም። ድልድዩ ላይ ፍየል ይተኛበታል አሉኝ።

ስለ እኔና አንቺ ምንም አልጻፍሽልኝም። ወንዙ ሲጎድል ልምጣ? ወይስ አንቺ ትመጫለሽ? ትምህርት ቤቱን ትተሽ እኔ ዘንድ መኖር ብትፈልጊም ቤቱ ያንቺ ነው፣ እኔ ሥራዬን ትቼ አንቺ ዘንድ እንድመጣ ብትፈልጊም እመጣለሁ። እንደ ወደድሽ ይሁን።

የሺሃረግ


ጌሻ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

እንደ ወደድሽ ይሁን አትበይኝ። ያንን ቃል ከእንግዲህ ከማንም መስማት አልፈልግም።

እኔ የምፈልገውን ልንገርሽ፣ አንቺም ደብዳቤው ላይ ምን እንደምትፈልጊ አልጻፍሽልኝምና። ቦንጋ አልመጣም። አንቺም እኔ ዘንድ እንድትኖሪ አልፈልግም። ለጊዜው ላይሽ አልፈልግም። ማታ ማታ ግድግዳው ላይ የጭንቅላቷ ቦታ ቅባት ይዞ ይታየኛል፤ ቀለም አልቀባሁትም። ሦስት ትራስ ብዬ በአንድ መስመር ብጽፍልሽ ኖሮ በታኅሣሥ በጉልበት ውኃ ትሻገር ነበር። ፕላኑ ተሳስቷል ብለሽ በአንድ መስመር ብትጽፊልኝ ኖሮ በመጋቢት ጋሽ አሞጽን እግራቸው ሥር ወድቄ እለምናቸው ነበር። አንቺን ሳይ ይህን ነው የማየው። አንቺም እኔን ስታዪ ሌላ ነገር የምታዪ አይመስለኝም።

ለሙት ዓመቷ ግን ነይ። እሷ ትፈልግ ነበር፣ እኔም ያኔ የምችል ይመስለኛል። ሰኔ ወንዙ ስለሚሞላ በየካቲት እናደርገዋለን፤ ለጋሽ አሞጽም ለቄሱም ተናግሬያለሁ። በላይኛው አትምጪ፣ በድልድዩም አትምጪ። የድሮው ማቋረጫ ይሻላል፤ ጋሽ አሞጽ እማዬን በዚያ ሊያሻግሯት የነበረው፣ ውኃው ከጉልበት የማያልፈው። ጫማሽን አውልቀሽ ትሻገሪያለሽ።

እኔ ወዲህ ማዶ እቆማለሁ። ልቀበልሽ ብዬ አልሻገርም፣ ትዘገዪ ይሆናል ብዬም በሌላ በኩል አልዞርም። እዚያው ነኝ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ለእኔ አዝነሽ ዝም እንዳትዪ። የኮከብ ቁጥር አለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ይዛ ተራራው ላይ ትወጣለች። አሁን ለሞት ብቻ አይደለም የምትወጣው፣ እኔ ነኝ የለመንኳት። ደውይና አልመጣም በያት።

አብርሆት